በአንድ ጥያቄ ዙሪያ፦ በአነስተኛ የማኅበረሰብ ሙዚየም የአካባቢ ታሪክና የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ እንዴት ይዘጋጃል?

አነስተኛ የማኅበረሰብ ሙዚየም ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት ሲነሣ አስቀድሞ የሚታየው የሚጎድለው ነገር ነው። ሰፊ አዳራሽ የለውም፤ የሠለጠነ የቅርስ እንክብካቤ ባለሙያ የለውም፤ በጀቱም ጠባብ ነው። ይሁን እንጂ ታላላቅ ሙዚየሞች በቀላሉ የማያገኙት አንድ ሀብት በእጁ አለ። በመስታወት ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠውን ዕቃ የሠራው፣ የተገለገለበት ወይም ሲሠራበት ያየው ሰው ብዙ ጊዜ በሕይወት አለ፤ መኖሪያውም ከሙዚየሙ ደጃፍ ብዙ አይርቅም። ከጥያቄ መረጣ ጀምሮ ዕቃዎች ለባለቤቶቻቸው እስከሚመለሱበት ቀን ድረስ የሚደረገው ዝግጅት ሁሉ ከዚህ ሀብት ሊነሣ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከርእስ ይልቅ ጥያቄ

«የአካባቢያችን ታሪክ» የሚል ርእስ ለአዘጋጁም ሆነ ለተመልካቹ ብዙ አይረዳም፤ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር አይለይምና። ጥያቄ ግን ይለያል። ወንዝ ለሁለት በከፈላት ከተማ ውስጥ የሚገኝ ሙዚየም «ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ሰው እንዴት ይሻገር ነበር? ከተሠራ በኋላስ ማን ተጠቀመ፣ ማንስ ተጎዳ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የጀልበኛው መቅዘፊያ፣ የግንባታ ሠራተኞች የደመወዝ መዝገብ፣ በምረቃው ዕለት የተነሣ ፎቶግራፍና አንድ ሠዓሊ ከወንዙ ዳር ሆኖ የሣለው ሥዕል ወዲያውኑ በአንድ ክር ይያያዛሉ። በመጋዘኑ ውስጥ ያለ እጅግ ያማረ ነገር ግን ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ ዕቃ ደግሞ ያለ ቅሬታ ለሌላ ጊዜ ይቆያል። ጥያቄው በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ አዘጋጆቹ በሚሠሩበት ክፍል ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ በኋላ የሚነሡ ብዙ ክርክሮችን ያሳጥራል።

ጥያቄው ከማኅበረሰቡ አንደበት ቢወጣ ደግሞ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በዋሽንግተን ዲሲ በስሚዝሶኒያን ተቋም ሥር የተከፈተው የአናኮስቲያ የሠፈር ሙዚየም በ1969 ያሳየው ዐውደ ርእይ የአይጥን ጉዳይ የሚመለከት ነበር፤ ይህም ለሠፈሩ ነዋሪዎች የየዕለት ችግር ነበር። ብዙ ሰው ለሙዚየም አይመጥንም ብሎ የሚያልፈውን ርእስ በቁም ነገር መያዙ ሙዚየሙን ለነዋሪዎቹ የራሳቸው ቤት አደረገው። ስለዚህ አዘጋጆች በቢሮ ተቀምጠው ከመወሰናቸው በፊት በዕድሜ፣ በሙያና በአስተያየት ከሚለያዩ ነዋሪዎች ጋር ተገናኝተው «ልጆቻችሁ ስለዚህ ቦታ ምን ሳያውቁ ቢያድጉ ይቆጫችኋል?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። ሁልጊዜ በስብሰባ የሚናገሩትን ብቻ ሳይሆን ዝም የሚሉትንም በተናጠል ማነጋገር ያስፈልጋል፤ በድልድዩ ምሳሌ ብንሄድ ሥራቸውን ያጡት የጀልበኞች ቤተሰቦች የምረቃውን በዓል ከሚያወሱት ሰዎች ጋር በአንድ መድረክ ላይ ለመናገር ሊከብዳቸው ይችላል።

ዕቃውን ከታሪኩ ጋር መቀበል

ታሪኩ ያልተመዘገበ ዕቃ በሙዚየም ውስጥ ግማሽ ዋጋውን ያጣል። ዕቃውን በሚቀበሉበት ዕለት፣ የሚቻል ከሆነም ባለቤቱ ዕቃውን በእጁ እንደያዘ፣ ቃለ መጠይቅ ያድርጉ። ሰው ዕቃውን ሲነካና ሲያገላብጥ በባዶ እጁ የማያስታውሰውን ያስታውሳል። «የተሠራው መቼ ነው?» ከሚለው ይልቅ «ጠዋት ሲነሡ ይህን ዕቃ የሚያነሣው ማን ነበር? የት ይቀመጥ ነበር? ሲሰበር ማን ይጠግነው ነበር?» የሚሉት ጥያቄዎች የበለጠ ያፈራሉ። ድምፁ ከመቀረጹ በፊት ቀረጻው ለምን እንደሚውል በግልጽ ተነግሮ የጽሑፍ ፈቃድ ይወሰድ፤ ተናጋሪው ሐሳቡን ቢለውጥ ከዐውደ ርእዩ እንዲወጣለት የመጠየቅ መብት እንዳለውም ይነገረው። የድምፁ ፋይል ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያለ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል።

ዕቃው በስጦታ ሳይሆን በውሰት ከመጣ የውሰት ስምምነት የግድ ነው። ስምምነቱ የባለቤቱን ስምና አድራሻ፣ የዕቃውን ዝርዝርና ልክ፣ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ማን እንደሚያጓጉዘው፣ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ፣ ፎቶግራፍ ማንሣትና ማተም የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን መያዝ አለበት። በጎረቤትነትና በመተማመን ብቻ የተሰጠ ዕቃ ቢጎዳ የሚበላሸው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ጉርብትናውም ነው። ከስምምነቱ ጋር የይዞታ መግለጫ ይዘጋጅ፦ ዕቃው ከአራት አቅጣጫ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ስንጥቅ፣ ዝገት፣ የቀለም መላላጥና የብል ቀዳዳ ካለ በቦታው ተጠቅሶ ይጻፍ፤ ሁለቱ ወገኖችም ይፈርሙበት።

ለእያንዳንዱ ዕቃ የማይደገም ቁጥር ይስጡ። በብዙ ሙዚየሞች የሚሠራበት ዘዴ ዓመቱን፣ በዓመቱ ውስጥ የተቀበሉትን ስብስብ ተራና በስብስቡ ውስጥ የዕቃውን ተራ በነጥብ ለይቶ መጻፍ ነው፤ ለምሳሌ 2024.3.1 ማለት በ2024 በሦስተኛነት ከገባው ስብስብ የመጀመሪያው ዕቃ ማለት ነው። ቁጥሩ በወረቀትና በፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ለስላሳ በሆነ እርሳስ በቀስታ ይጻፋል፤ በጨርቅ ላይ ቁጥሩ የተጻፈበት የጥጥ ጥብጣብ በጥቂት ስፌት ይያያዛል። በእስክሪብቶ መጻፍና የሚጣበቅ ፕላስተር መለጠፍ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የፕላስተሩ ሙጫ ከዓመታት በኋላ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ቡናማ እድፍ ይተዋል፤ እድፉንም ማስለቀቅ አስቸጋሪ ነው።

አንድ ዕቃ ከየት እንደመጣ ግልጽ ካልሆነ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ባይቀበሉት ይሻላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1970 ያጸደቀው የባህል ንብረቶችን ሕገ ወጥ ዝውውር የሚከለክል ስምምነት መንግሥታትን የሚመለከት ቢሆንም፣ «ይህ ዕቃ በማን እጅ አለፈ?» ብሎ መጠየቅ የትንሹም ሙዚየም ግዴታ ነው።

ሥዕሉ የታሪኩ ማስጌጫ አይደለም

የታሪክና የሥነ ጥበብ ሥራዎች በአንድ አዳራሽ ሲታዩ የተለመደው ስሕተት ሥዕሉን ባዶ ግድግዳ ለመሙላት ወይም ጽሑፉ የተናገረውን በቀለም ለመድገም መጠቀም ነው። ሠዓሊ ግን መዝገብ የማይዘውን ይይዛል። የደመወዝ መዝገቡ ስንት ሰው በግንባታው ላይ እንደተሰማራ ሊነግረን ይችላል፤ ሥዕሉ ደግሞ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ማዶ ቀርቶ የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚመስል ያሳየናል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ይጠይቃል፤ አንዳንዴም ይቃወመዋል። በሥዕሉ ላይ የሌሉት ሴት ሠራተኞች በመዝገቡ ላይ ከተገኙ፣ ይህን ልዩነት ተመልካቹ ራሱ እንዲያየው ማድረግ ከየትኛውም ረጅም ማብራሪያ ይበልጣል።

የአካባቢውን ሠዓሊዎች ሲጋብዙ ከሥራ ክፍላቸው የተጠናቀቀ ሥዕል መርጦ ከመውሰድ ይልቅ ስብስቡን አሳይተው፣ ቃለ መጠይቆቹን አስደምጠው፣ ለጥያቄው የራሳቸውን መልስ እንዲሠሩ ጊዜ መስጠት የተሻለ ፍሬ ያመጣል። ሠዓሊው ከታሪክ ጸሐፊው ጋር በእኩል ደረጃ የዐውደ ርእዩ አዘጋጅ ሆኖ መቆጠር አለበት፤ በጀቱ ትንሽም ቢሆን ለድካሙ የሚከፈል ነገር መኖር ይገባዋል። በአንድ ጉዳይ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ሥዕሉን የገዛ ሰው ሥዕሉን ለማሳየት ሊያውስ ይችላል እንጂ በፖስተር ላይ እንዲታተም የመፍቀድ መብት አብሮ ላይኖረው ይችላል። የቅጂ መብት አብዛኛውን ጊዜ ከሠዓሊው ጋር ይቆያል፤ የደራሲያንንና የሠዓሊዎችን መብት በሚያስጠብቀው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት መሠረትም ጥበቃው በጥቅሉ ሠዓሊው ካረፈ በኋላ ቢያንስ 50 ዓመት ይቀጥላል፤ በብዙ አገሮች ከዚህም ይረዝማል። ስለዚህ ለኅትመትና ለኢንተርኔት የሚሆን ፈቃድ ከሠዓሊው ወይም ከወራሾቹ በጽሑፍ ይወሰድ።

ክፍሉን በወረቀት ላይ መሞከር

ምንም ነገር ከመስቀልዎ በፊት የክፍሉን ንድፍ በልኩ ይሥሩ። በ1፡20 ልኬት ከካርቶን የተሠራ ትንሽ ሞዴል በኮምፒውተር ከተሠራ ንድፍ ባልተናነሰ ያገለግላል፤ ሁሉም ሰው ዙሪያውን ቆሞ እየነካ ሊከራከርበት ስለሚችል እንዲያውም እኔ እርሱን እመርጣለሁ። መተላለፊያዎች ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑራቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ሰው የሚዞርበት ቦታ ደግሞ 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ሥዕሎችን ለመስቀል የተለመደው አሠራር የሥዕሉ መካከል ከወለል 145 እስከ 155 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ እንዲውል ማድረግ ነው፤ ልጆችና ተቀምጠው የሚያዩ ሰዎች በርከት ብለው በሚመጡበት ሙዚየም ወደ ዝቅተኛው ልክ መጠጋት ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ዕቃዎቹን ይቀንሱ። አንድ ሙዚየም ያለውን ሁሉ ለማሳየት ሲሞክር የሚሰጠው ምክንያት «ያዋሰን ሰው እንዳይከፋው» የሚል ነው። የቀረበው ዕቃ በሙሉ በአንድ ሣጥን ታጭቆ ማንም ሳያየው ከሚያልፍ ይልቅ፣ በየተወሰነ ጊዜ እየተቀያየረ ቢታይ ባለቤቱም ዕቃውም ይከበራሉ።

ብርሃን፣ እርጥበትና ተባይ

ይህ ክፍል ብዙ አነስተኛ ሙዚየሞች የሚያልፉት ነው፤ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ አይታይምና። ብርሃን ያደበዘዘውን ቀለም የሚመልስ ጥገና የለም። ጉዳቱም የሚለካው በድምቀቱ ብቻ ሳይሆን ድምቀቱ በቆይታው ጊዜ ተባዝቶ ነው። በዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው መመሪያ መሠረት ለብርሃን እጅግ ስስ የሆኑ ዕቃዎች በ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) ብርሃን በዓመት ከ15,000 የሉክስ ሰዓት በላይ ባይጋለጡ ይመከራል። ይህ ማለት በዓመት 300 ሰዓት ብቻ ነው፤ ሙዚየሙ በቀን 8 ሰዓት ክፍት ከሆነ ከ37 ቀን ብዙ አይበልጥም። የዘይት ቀለም ሥዕል እስከ 200 ሉክስ ይችላል፤ ድንጋይ፣ ብረትና ሸክላ ደግሞ ብርሃን እምብዛም አያሳስባቸውም። እንግዲህ ዐውደ ርእዩ ሦስት ወር የሚቆይ ከሆነ በቀላሉ የሚለቅ ማቅለሚያ የተነከረው ጨርቅና የውሃ ቀለም ሥዕሉ ሙሉውን ጊዜ መታየት የለባቸውም ማለት ነው። በመካከል መቀየር፣ በጥሩ ቅጂ መተካት፣ ወይም ተመልካቹ ራሱ ገልጦ የሚያየው ወፍራም ጨርቅ በሣጥኑ ላይ መጣል ይቻላል። የመጨረሻው መፍትሔ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ሰውም የገለጠውን ነገር በትኩረት ያያል።

የቀን ብርሃን በተለይ አደገኛ ነው፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር በብዛት ይይዛልና። ወረቀትና ጨርቅ በመስኮት ትይዩ አይቀመጡ፤ መስኮቶች በመጋረጃ ወይም ጨረሩን በሚያጣራ ፕላስቲክ ይሸፈኑ። የኤልኢዲ አምፖል ከቀድሞዎቹ አምፖሎች ያነሰ ሙቀት ስለሚሰጥና ጨረሩም አነስተኛ ስለሆነ ተመራጭ ነው፤ ቢሆንም አምፖሉ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን ከሣጥኑ ውጭ መሆን አለበት።

አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይነሣል፤ በጣም ሲወርድ ደግሞ እንጨት ይሰነጠቃል፣ የሥዕል ቀለምም ይላላጣል። ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ መቆየት ለተቀላቀለ ስብስብ ተስማሚ ነው፤ ከቁጥሩ ይበልጥ የሚጎዳው ግን በአንድ ቀን ውስጥ የሚፈጠረው ድንገተኛ መለዋወጥ ነው። አነስተኛ ዲጂታል የእርጥበትና የሙቀት መለኪያ ገዝቶ ጠዋትና ማታ መመዝገብ፣ ዕቃዎችንም ከውጭ ግድግዳ ማራቅ ያለ ትልቅ ወጪ ብዙ ያድናል።

ሣጥኑ ራሱም ሊጎዳ ይችላል። ቀለም ወይም መከላከያ ያልተቀባ ጥሬ እንጨትና ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ አሲድነት ያለው ትነት ይለቃሉ፤ የሱፍ ጨርቅ ብርን ያጠቁራል። ከዕቃው ሥር ከአሲድ ነፃ የሆነ ወረቀት ወይም ታጥቦ ማለስለሻው የወጣለት ያልቀለመ የጥጥ ጨርቅ ይነጠፍ። ከቤት የመጣ ሱፍ፣ ቆዳና ላባ ደግሞ ከሌሎች ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ተለይቶ ይቆይ፤ ብል ካለበት በፕላስቲክ በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ለሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ተባዩ ይሞታል። ቀለም የተቀባ እንጨትና የዘይት ሥዕል ግን በዚህ መንገድ አይቀዘቅዝም።

ወረቀት ሲያዝ ንጹሕና ደረቅ እጅ ይበቃል፤ የጥጥ ጓንት ጣትን ስለሚያደነዝዝ ወረቀትን ያስቀድዳል። ለብረትና ለፎቶግራፍ ናይትሪል ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ጓንት ይደረግ።

በግድግዳው ላይ የሚጻፈው

ተመልካች ቆሞ የሚያነበው ጽሑፍ በመጽሐፍ ከሚነበበው የተለየ ነው። የመግቢያው ሰሌዳ ከ150 ቃል፣ የአንድ ዕቃ መግለጫ ከ50 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል፤ የፊደሉ መጠን ለዕቃ መግለጫ ከ24 ነጥብ አይነስ፤ ጥቁር ጽሑፍ በነጣ መደብ ላይ ይሁን። የመግለጫው ጥራት የሚለካው ግን አንባቢውን ወደ ዕቃው በመመለሱ ነው። «መቅዘፊያ፣ ከእንጨት የተሠራ፣ የቆየ» የሚለው ጽሑፍ ተመልካቹ በዓይኑ ያየውን ብቻ ይነግረዋል። «እንጨቱ በመካከሉ የሳሳው ጀልበኛው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይጨብጠው ስለነበር ነው። ድልድዩ ሲከፈት ጀልባው ተሸጠ፤ መቅዘፊያውን ግን ልጁ አስቀረው» የሚለው ደግሞ ሰውየው ጎንበስ ብሎ የሳሳውን ቦታ እንዲፈልግ ያደርገዋል።

ሁለት ሰዎች አንድን ድርጊት በተለያየ መንገድ ቢያስታውሱት፣ አማካይ የሆነ ሦስተኛ ታሪክ አይፍጠሩ። የሁለቱንም ቃል ከነስማቸው፣ ፈቅደው ከሆነ፣ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ በሰነድ የተረጋገጠው የትኛው እንደሆነም በግልጽ ይጻፉ። ድልድዩ ለነጋዴው በረከት፣ ለጀልበኛው ደግሞ የእንጀራ መቋረጥ ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነው። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ታሪኩ የሚመለከታቸው ቤተሰቦች ያንብቡት፤ የማይስማሙበትን ቢነግሩ ማስረጃውን አብሮ መመልከት እንጂ በችኮላ ማተም አይገባም።

በሩ ከተከፈተ በኋላ

ምረቃው ከሚውልበት ዕለት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ዕቃ ያዋሱትና ቃላቸውን የሰጡት ሰዎች ብቻቸውን ገብተው እንዲያዩ ይጋበዙ። የተገለበጠ ፎቶግራፍ፣ የተሳሳተ ስም፣ በሌላ ሰው ቦታ የቆመ ዘመድ የሚታወቀው በዚያ ሰዓት ነው፤ ለማረምም ጊዜ ይገኛል።

ተመልካቹ የሚያውቀውን የሚጨምርበት ቦታ ያዘጋጁ፤ በመውጫው በር ከሚቀመጥ «ደስ ብሎናል» ብቻ ከሚጻፍበት መዝገብ የተሻለ መንገድም አለ። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተው የዲስትሪክት ስድስት ሙዚየም በወለሉ ላይ የፈረሰውን ሠፈር ትልቅ ካርታ አነጠፈ፤ በአፓርታይድ አገዛዝ ከቤታቸው የተፈናቀሉት ነዋሪዎችም የኖሩበትን ቦታ በእጃቸው ጻፉበት። ጎብኝዎች ቃላቸውን የሚያሰፍሩበት ጨርቅም ነበረው፤ ጽሑፉም በኋላ በጥልፍ ተጠልፎ ቋሚ ሆነ። በማንኛውም ትንሽ ሙዚየም የአካባቢውን ካርታ በወፍራም ወረቀት አትሞ ከእርሳስ ጋር ጠረጴዛ ላይ ማኖር ይቻላል። ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ያሉባቸውን ፎቶግራፎች ቅጂ በተራ ቁጥር ሰቅሎ «የሚያውቁትን ሰው ስም ይጻፉልን» ማለትም ከማኅደር ፍለጋ ይልቅ ፈጥኖ መልስ የሚያስገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ዋናው ፎቶግራፍ በሣጥኑ ውስጥ ይቆይ፤ የሚነካው ቅጂው ብቻ ይሁን።

ተማሪዎች ሲመጡ አስጎብኚው ሁሉንም ከማስረዳት ይልቅ አንድ ዕቃ መርጠው ለአሥር ደቂቃ እንዲመለከቱና እንዲሥሉት ቢያደርግ ጥሩ ነው። ሲሥሉ ያዩታል፤ ካዩትም በኋላ የሚጠይቁት ጥያቄ የበሰለ ይሆናል።

ማፍረስና መመለስ

ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ የሚፈጠረው ጥድፊያ ለብዙ ዕቃዎች መጎዳት ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ለማፍረሱ ሥራ ለመስቀሉ ከተመደበው ያላነሰ ጊዜ ይያዝለት። እያንዳንዱ ዕቃ ሲወርድ በመጀመሪያው የይዞታ መግለጫና ፎቶግራፍ ይመሳከር፤ ለውጥ ካለ ሳይደበቅ ይጻፍ። ዕቃው ለባለቤቱ ሲመለስ ሁለቱም ወገኖች በውሰት ስምምነቱ ላይ የመመለሻውን ቀን አስፍረው ይፈርሙ፤ ከዕቃው ጋርም የቃለ መጠይቁ ቅጂና በዐውደ ርእዩ ላይ የተጻፈው መግለጫ ለቤተሰቡ ይሰጥ።

ተመልካቾች በካርታውና በፎቶግራፎቹ ቅጂ ላይ የጻፉት ሁሉ በስካነር ይነሣ፤ የተገኘው አዲስ ስም ወይም እርማት ማን እንደነገረውና መቼ እንደተነገረ ተጠቅሶ በዕቃው መዝገብ ላይ ይግባ። የቀድሞው መረጃ አይሰረዝ፤ አዲሱ ከሥሩ ይጨመር። የግድግዳ ጽሑፎቹ፣ የክፍሉ ፎቶግራፎች፣ የእርጥበትና የብርሃን መዝገቡ፣ ስስ ዕቃዎቹ ለስንት ሰዓት ለብርሃን እንደተጋለጡ የሚያሳየው ሒሳብም በአንድ ማኅደር ተሰብስበው ይቀመጡ፤ ያን የውሃ ቀለም ሥዕል በዚያው ዓመት ዳግመኛ ለማሳየት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ይህን ሒሳብ ነው።